ለሌሊት ወፍ የሰቀልኩት ቀፎ

ባለቤቴ ጓዟን ጠቅልላ ልጃችን ዘንድ ዳንግላ የወረደችው በሐምሌ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የቆሰበር ብርድ አልስማማት ብሎ ነው» እላለሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ የቆሰበር ብርድ የተስማማው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሄደችው ግን በብርዱ አይደለም። ከኮርኒሳችን በላይ የሌሊት ወፎች ሰፍረው ነበር። «ወይ እነሱ ይወጣሉ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» ብላ ቀን ቆረጠችልኝ፤ እኔ የተሰጠኝን ቀን በማሰብ ጨረስኩት። ማሰብ ስጀምር የምፈጥን ሰው አይደለሁም።

ኮርኒሱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእጅ ሥራ መምህር ነበርኩ። የእጅ ሥራ ማስተማርና በእጅ መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከባለቤቴ በቀር ያወቀብኝ የለም፤ እሷም ያወቀችው ውስጡ ስለምትኖር ነው። ጣውላውን ስመታ ከግድግዳው ጋር በደንብ አላገናኘሁትም፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ከጣራው ቆርቆሮ ጠርዝ ሥርም እንዲሁ ክፍተት ነበር። «እንጨት መተንፈሻ ይፈልጋል» ብዬ አለፍኩት። የሌሊት ወፎቹ በላይኛው ክፍተት ገቡ፤ ኩሳቸው በታችኛው ክፍተት አልጋችን ላይ ወረደ። ከበላያችን ሲንጫጩና ሲቧጥጡ የሚሰማው ድምፅ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ወረቀት የሚጨማድድ ይመስላል።

«በሕይወትህ ከሠራኸው ሁሉ የተወደደልህ ይኸ ብቻ ነው» አለችኝ ባለቤቴ ጣሪያውን ሽቅብ እያየች።

የሌሊት ወፍ የሸናችበት ራስ ፀጉር አያበቅልም የሚል እምነት አላት። ከማን እንደሰማችው አላውቅም። ሻሿን ሁለት ጊዜ ጠምጥማ፣ በላዩ ነጠላ ደርባ ነበር የምትተኛው። እኔ በዚህ በኩል የሚያሰጋኝ አልነበረም፤ ፀጉሬ የለቀቀኝ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ይህን ስነግራት አልሳቀችም። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከዚያ በኋላ ልጃችን ስትደውል የምትነግረኝ ነገር አንድ ዓይነት ነበር። «አባዬ፣ እማዬ ደኅና ናት፤ እንቅልፏ ተመልሶላታል።» ለባል እንዲህ ያለ ዜና ሲነገረው ደስ ሊለው ይገባል። እኔን ግን አሳሰበኝ። እንቅልፍ የተመለሰለት ሰው ራሱ ለምን ይመለሳል? ጭራሽ አንድ ቀን «እዚያው ብትቀር ምን ይመስልሃል?» ብላ ልጄ ጠየቀችኝ፤ ከኋላዋ የባለቤቴ ሳል ይሰማኛል። ኔትወርኩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። በዕድሜዬ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ብቸኛው የስልክ ብልሃት ይህ ነው።

እንግዲህ ሥራዬ የታወቀ ነበር። የሌሊት ወፎቹን ማስወጣት፣ ባለቤቴን ማስገባት።

ጎረቤቴ ከሰል አክሳይ ነው። በኛ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ ነው የሚኖረው፤ እሱም ዕድሜውን በጭስ ውስጥ የጨረሰ ሰው ስለሆነ ለችግር ሁሉ የሚሰጠው መፍትሔ ጭስ ነው። አማርኛውም አገውኛውም እኩል ይፈስለታል፤ ስድብ ሲሆን ብቻ ወደ አገውኛው ያደላል።

«መምህር፣ ይኸ ምን ይከብዳል?» አለኝ። «ምድጃ እናስገባለን፤ ፍሙ ላይ ሚጥሚጣ እንበትናለን። ግማሽ ቀን አይቆዩም።»

«እኔስ?»

«አንተ ውጭ ትቆማለህ። ከፈለግህ ደግሞ እነሱን ተከትለህ ውጣ።»

ምድጃውን እሱ አመጣ፤ ሚጥሚጣውን እኔ። ፍሙ ሲቀላ፣ ከግቢዬ ጀርባ የምትከራየው የባዮሎጂ መምህርት ባልዲ ይዛ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ አየችን። እኔ ካረጀሁበት ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ተከራይ እያስለቀቅን» አልኳት።

ቀና ብላ የጣራውን ጠርዝ አየችና ባልዲዋን አስቀመጠች። «አሁን አይሆንም እኮ። ክረምት ላይ ነው የሚወልዱት። እናቶቹ ጭሱን ሸሽተው ይወጣሉ፤ ልጆቹ መብረር አይችሉም፤ እላይ ይሞታሉ። ከዚያ እርስዎ ከሽታው ጋር ነው የሚኖሩት።»

ጎረቤቴ ምድጃውን እንደያዘ ቆመ። «ይወልዳሉ? እንቁላል አይደለም እንዴ የሚጥሉት?»

«ይወልዳሉ፤ ያጠባሉም።»

«ያጠባሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔ በፍልሰታ ዋዜማ የሚያጠባ ነገር ላይ አላጨስም» አለኝና ምድጃውን ይዞ ሄደ። ሚጥሚጣዬንም ይዞ ነው የሄደው።

መምህርቷ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ያሉት ትንንሾቹ፣ አውራ ጣት የሚያህሉት፣ ነፍሳት በሊታዎች ናቸው። ትንኝ ይበላሉ፤ ድንቻችን ላይ እንቁላሏን የምትጥለዋን የእሳት እራትም ይበላሉ። ግልገሎቹ ክረምቱ ሲወጣ ይበራሉ፤ ከዚያ በኋላ ማስወጣት ይቻላል። ግን ከቤቴ ሲወጡ የጎረቤት ቤት እንዳይገቡ፣ አስቀድሞ ሌላ ማደሪያ መስቀል ይሻላል። ሁለት ሻካራ ጣውላ፣ በመካከሉ ጠባብ ክፍተት፣ ከታች ክፍት፣ ቀለም የሌለው፣ ምንም ሽታ የሌለው፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ከፍ ብሎ። «በባዶ እጅዎ ደግሞ እንዳይነኳቸው። ከነከሰችዎት ቁስሉን በሳሙና አጥበው ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ኩሱንም ደረቁን አይጥረጉ፤ ውኃ አርከፍክፈው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው ነው።»

ሁሉንም በጥሞና ሰማሁ። መስማት እችላለሁ። በማግስቱ እሷ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች።

ሁለት ሻካራ ጣውላ ፈለግሁ፤ የለኝም። ያለኝ የአማቴ ቀፎ ነበር። የባለቤቴ አባት የታወቀ ንብ አናቢ ነበረ፤ ሲሞት ከቀፎዎቹ አንዱ፣ ከቀርቀሃ የተሠራው፣ ለእሷ ደርሷት ዕቃ ቤት ውስጥ ተንጋሎ ይኖራል። አየሁት፤ ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ባዶ ቤት ባዶ ቤት ነው፤ ንብ የኖረበት የሌሊት ወፍ የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ?

እዚህ ላይ አንባቢ የሌላ አገር ሰው ከሆነ አንድ ነገር ልንገረው። በአዊ ባዶ ቀፎ ዝም ብሎ አይሰቀልም። በእበት ይለቀለቃል፤ ይደርቃል፤ በወይራና በጡንጅት ይታጠናል፤ ውስጡ በአሮጌ ሰም ይታሻል። ሳይታጠን ቀፎ የሰቀለ ሰው፣ ቤቱን ሳይጠርግ እንግዳ እንደጠራ ይቆጠራል፤ መንገደኛ እንኳ አይቶ ይታዘበዋል። ይህን የሚያስተምረን የለም፤ እጃችን ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ለቀለቅሁ፣ አደረቅሁ፣ አጠንኩ፣ አሸሁ። ሲያልቅ ደስ የሚል ሽታ ነበረው። እኔ ራሴ ብገባበት አልጠላም ነበር።

ጎረቤቴ መሰላል ይዞ መጥቶ ሰቀለልኝ። አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረው፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ አየው፤ ትንሽ አቃናው።

«ጥሩ ተሰቅሏል» አለ።

«ጥሩ ተሰቅሏል» አልኩ።

ሁለት ያረጀን ሰዎች ቆመን አየነው። ለአንዳችንም ያልታየን ነገር ነበር።

የታየን በመስከረም፣ አደይ አበባው ሜዳውን በሸፈነ ሰሞን ነው። አንድ ረፋድ ድንች እየላጥኩ ከውጭ እንደ ሩቅ መኪና ያለ ድምፅ ሰማሁ። መኪናው ግን አያልፍም። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«መምህር፣ እንግዶችህ መጥተዋል። ግን እነዚያ አይደሉም።»

የንብ መንጋ ነው። ቀፎው አፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ቀስ በቀስ ይገባል። ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ የቀድሞዎቹ እንዳሉ ናቸው። እኔ መካከል ነኝ፤ በላዬ የማይለቁ፣ በጎኔ ያልተጠሩ። የግቢውን በር ለመክፈት ራሴን በፎጣ ሸፍኜ ነበር የምወጣው። ቤቱ የኔ መሆኑን የሚያሳይ የቀረ ነገር ቢኖር የድንቹ ልጣጭ ነው።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ለሌሊት ወፎቹ ቤት ሰቅዬላቸው ነበር።»

«እሺ።»

«ንብ ገባበት።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አጥነኸው ነበር?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በወይራና በጡንጅት። በሰምም አሽቼው ነበር።»

«ለሌሊት ወፍ።»

«ለሌሊት ወፍ።»

«የአባቴን ቀፎ ነው?»

«የአባትሽን ቀፎ ነው።»

«ነገ እመጣለሁ» አለችና ዘጋች። ከሐምሌ ጀምሮ ከአፏ ልሰማው የፈለግሁት ቃል ነበር። የመጣችው ግን ለኔ አልነበረም። ንብ በራሱ ፈቃድ መጥቶ የገባበት ቤት በረከት አለው ይባላል፤ የመጣችው በረከቱን ልታይ ነው። ግቢው ውስጥ ገብታ እኔን ሰላም ከማለቷ በፊት ቀፎው ሥር ሄዳ ቆመች፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። «ብርቱ ናቸው» አለች። ከዚያ ዞራ አየችኝ። «አንተ ግን ከስተሃል።»

ወንበር አወጣሁላት። ቤት ግቢ ብላት አልገባችም።

መምህርቷ ከእረፍት ተመልሳ ነበርና የሰዉን ድምፅ ሰምታ መጣች። ቀፎውን አየች፤ እኔን አየች። «ጋሼ፣ ሽታ የሌለው ብዬዎት አልነበር?»

«ልጄ፣ አትድከሚ» አለቻት ባለቤቴ። «እሱ እንደተነገረው አይደለም የሚሠራው፤ እንደለመደው ነው። ይልቅ ለኔ ንገሪኝ፤ እነዚህ ነገሮች ምን ዓይነት ቤት ነው የሚወዱት?»

«ጠባብ፣ ደረቅ፣ ጨለማ፣ ሻካራ እንጨት። የራሳቸው ሽታ ያለበት ቢሆን ደግሞ ይመርጣሉ።»

ባለቤቴ ትንሽ አሰበች። እሷ ስታስብ አትቆይም። «ያማ ኮርኒሱ ነው» አለች። «ኮርኒሱን ያውርድና ይስጣቸው።»

«ያለ ኮርኒስ ልንኖር?» አልኳት።

«እኔ አሁንም ያለ ኮርኒስህ ነው የምኖረው። ደኅና ነኝ።»

መምህርቷ መሬት መሬት አየች። ባለቤቴ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች፤ ለከሰዓቱ ሚኒባስ እንድትደርስ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። ስትሳፈር፣ «ሲለቁ ደውል። በቃልህ አላምንም፤ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ካልለቁ ዕቃዬን ጨርሼ እወስዳለሁ» አለችኝ። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ነገሩ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ መምህርቷ ባትሪ ይዛ መሰላል ላይ ወጣችና የቀረ ግልገል አለመኖሩን አየች። መጀመሪያ ከኮርኒሱ ጥግ ጥቂት ጣውላ ነቅለን ማደሪያውን ሠራን፤ ማለቴ እሷ ለካች፣ ጎረቤቴ ቆረጠ፣ እኔ ምስማር አቀበልኩ። አውራ ጣቴን የመታሁት ምስማር በማቀበል ላይ ሳለሁ ነው፤ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ንቦቹ ከሌሉበት ከሌላው ጎን ሰቀልነው። ከዚያ የጣራው ጠርዝ ሥር፣ በሚገቡበት በኩል፣ ማዳበሪያ ጆንያ ቀድደን ከላይ ብቻ መታነው። ከውስጥ የሚወጣው በጆንያው ሥር ሾልኮ ይወርዳል፤ ከውጭ የሚመጣው መግቢያው ይጠፋበታል። ብልሃቱ ይኸው ነው። የሚወጣ እስኪጠፋ ጠብቀን ክፍተቱን በጭቃ ደፈንን። ኩሱን አርሰን፣ አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን ሰበሰብነው፤ ጎረቤቴ ለድንቹ ማሳ ወሰደው። «የሚያጠባ ነገር ኩስ ጥሩ ነው» አለ፤ ከየት እንዳመጣው ግን አልነገረኝም። የቀረውን ኮርኒስ አወረድን።

ያን ሁሉ ጨርሰን እንኳ፣ ወደ አዲሱ ቤት ገብተው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከማደሪያው ሥር ጥቁር ፍርፋሪ አይቻለሁ፤ የነሱ ሊሆን ይችላል፤ የአይጥም ሊሆን ይችላል። በመሸ ጊዜ ዓይኔ ከባጃጅ ያነሰ ነገር አያይም። ቢሆንም ደወልኩ። «ለቀዋል» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌባ ድምፅ ነበር።

በኅዳር፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ባለቤቴ ወረደች። ጓዟ ከኋላ እንደተጫነ ነው።

«አታውርደው» አለችው ሹፌሩን። «ትንሽ ጠብቀኝ። ምናልባት አብረን እንመለሳለን።»

«እማማ፣ ይመሻል እኮ።»

«እኔም መምሸቱን ነው የምጠብቀው።»

ወንበሯን ከግቢው መካከል፣ ጣራውም ማደሪያውም ከሚታይበት፣ አስቀመጠች። መምህርቷ መጣች። ጎረቤቴም በአጥሩ ላይ ተደገፈ። እኔ ከባጃጁ አጠገብ ቆምኩ፤ ጓዙን በክርኔ ተደግፌ፣ ክብደቱን እየገመትኩ። የክረምት ልብሷንም የበጋ ልብሷንም ይዛ ነበር የመጣችው። ይህ ጥሩ ምልክት ይሁን ክፉ ምልክት መለየት አልቻልኩም።

ሰማዩ ፀሐይ በምትገባበት፣ በጥርባ በኩል ቀላ፤ ከዚያ ደበዘዘ። ባለቤቴ የቤታችንን ጣራ ጠርዝ ታያለች። ከዚያ ምንም አልወጣም። ማደሪያውን አየች። ከዚያም ምንም አልወጣም። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ባለቤቴ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ አጠፋ።

«ወጡ» አለች መምህርቷ።

«ከየት?» አለች ባለቤቴ።

መምህርቷ በጣቷ አሳየች። የወጡት ከጎረቤቴ ማድ ቤት ነበር። ከቆርቆሮው ሥር አንድ በአንድ እየተወረወሩ በአጥሩ ላይ አለፉ፤ አንዷ የጎረቤቴን ጆሮ ግንድ ታክካ አለፈች መሰለኝ፣ ጎንበስ አለ። ቀጥሎ በአገውኛ የተናገረውን አልተረጉመውም። የተናገረው ስለኔ ነው።

ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። እየሳቀች ነው ወይስ እየተናደደች፣ ከኋላ ሆኜ አይታወቀኝም። «እነዚህ የኛ ናቸው?» አለች።

«ከፊሎቹ ይመስሉኛል፣ እማማ» አለች መምህርቷ። «ቆይ፣ ያንን ይመልከቱ።»

ከማደሪያው ሥር አንድ ጥቁር ነገር ጠብ አለ። መሬት ሳይደርስ ታጥፎ ወደ ላይ ወጣ። ተከታይዋ ጠብ አለች፤ ከዚያ ሌሎች። ብዙ አልነበሩም። ከቤታችን ጣራ ግን አንድም አልነበረም፤ ባለቤቴ ጨለማው ጠርዙን እስኪሸፍነው ድረስ ዓይኗን ከላዩ አልነቀለችም።

«መምህር» አለ ጎረቤቴ፣ አሁን በአማርኛ። «ለኔም አንድ ትሠራልኛለህ።»

«እሠራልሃለሁ።»

«አንተ ሳትሆን እሷ» አለ መምህርቷን እያመለከተ። «አንተ ምስማር ታቀብላለህ። እንዳታጥነው።»

«በሚቀጥለው ክረምት ይወልዳሉ» አለችው መምህርቷ፤ «ከዚያ በፊት እንሠራዋለን።» ጎረቤቴ ማድ ቤቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። እስከዚያ ድረስ ምን እንደሚላቸው ያሰበ ይመስል ነበር።

ባለቤቴ ተነሣች። ወደ ባጃጁ ስትመጣ ቦታ ለቀቅኩላት። ጓዙ ላይ እጇን አሳረፈች። ሹፌሩ፣ «እንሂድ፣ እማማ?» አላት።

«አንተ ሂድ፣ ልጄ» አለችው። «እኔ ደርሻለሁ።»

ጓዙን እኔ ተሸከምኩ፤ ከገመትኩት ይከብዳል። ገብታ መብራቱን አበራች። ኮርኒስ የለም፤ ከራሳችን በላይ ቆርቆሮውና ማገሩ ብቻ ነው። የኅዳር ብርድ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እያንዳንዱን ማዕዘን አየች፤ አልጋውን በመዳፏ ዳበሰች፤ መዳፏን ገልብጣ አየች። ንጹሕ ነበር።

«የበረዶ ቤት አድርገኸዋል» አለች።

«በኮርኒሱ ምትክ ነው።»

«ገባኝ» አለችና ሻሿን ፈትታ አልጋው ራስጌ ላይ አኖረችው። ከዚያ ጓዟን ከፍታ ለመልበስ አንድ ነገር ፈለገች፤ እስከ ታች ፈለገች፤ ቀና ብላ እኔን አየች።

«የለበስከው የኔ ጋቢ ነው» አለች።

አውልቄ ሰጠኋት።